ጎርፍ የሚችለው ሞተር

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ በሰፈራችን ውሃ በጠፋ ቁጥር ተጠያቂው እኔ ነኝ። ጀሪካን ያንጠለጠለ ሁሉ በራችን ላይ ቆሞ «ጋሽ ስማቸው፣ ውሃውን ይዘውት ነው እንዴ የወጡ?» ይለኛል። እኔም እስቃለሁ። ባለቤቴ ግን አትስቅም፤ ክረምት ከገባ የግቢውን ቧንቧ ስከፍትና ስዘጋ እንደምውል ታውቃለች። ሰው ሁሉ የሚማረረው ቧንቧው ሲደርቅ ነው፤ እኔን የሚያስፈራኝ ኃይለኛ ዝናብ እየዘነበ ሲፈስ ነው። ይህን ለሰው በቃል ማስረዳት ስለሰለቸኝ ነው አሁን መጻፌ።

ሥራ የጀመርሁት በረዳት መካኒክነት ነው። መጀመሪያ አማኑኤል ተመደብሁ፣ ቀጥሎ ይጁቤ፣ ከዚያ ደብረ ኤልያስ። ስለ ደመወዙ ብዙ የምለው የለም፤ አልሞትንበትም፣ አልኖርንበትምም። የአማኑኤሉ አለቃዬ ፓምፕ ሲቆም የሚሳደብ፣ ሲሠራም የሚሳደብ ሰው ነበር። የይጁቤው ደግሞ ጨርሶ አይናገርም፤ በገበያ ቀን ውሃ ከቆመ ብቻ ከቢሮው ብቅ ይልና ጥፋቱ የሰማዩ ይመስል ቀና ብሎ አይቶ ይመለሳል። ከሁለቱም መታገሥን ተማርሁ እንጂ ሥራ አልተማርሁም። ሥራ የተማርሁት ከደብረ ማርቆስ ብዙም ወደማትርቀው ወደዚህች ከተማ ስዛወር ነው። ስሟን አልጽፍም፤ የማወራው ስለሞተ ሰው ነው፣ ያዘኑለት ደግሞ በሕይወት አሉ።

የከተማዋ ውሃ የሚመጣው ከታች ከሸለቆው ነው። ምንጩ ከወንዙ ዳር ስለሚፈልቅ ፓምፕ ቤቱም ከወንዙ ዳር ተሠራ። መብራቱ የሚጠፋበትና የሚበራበት ክፍል ከዳገቱ አናት ላይ ነው፤ በሁለቱ መካከል ቁልቁል የሚወርድ የድንጋይ ደረጃ አለ። በበጋ ያንን ወንዝ በግ ይሻገረዋል። ነሐሴ ላይ ግን ከጮቄ በኩል የዘነበው ሁሉ ተጠራርቶ ይመጣና በፓምፕ ቤቱ በር ይገባል። የድሮዎቹ ሞተሮች ደግሞ ከውሃ ጋር ጠላት ነበሩ። ውሃ የሚገፉት እነሱ ናቸው፣ ግን አንድ ባልዲ ቢደፋባቸው ይቃጠላሉ።

ስለዚህ ወንዙ ሲደፈርስ መብራት እናጠፋለን፣ የሞተሮቹን ብሎን እንፈታለን፣ ፓራንኮ በሚባለው የዕቃ ማንሻ ሰንሰለት እየጎተትን ጣሪያ ሥር እንሰቅላቸዋለን። ከዘገየን ሞተሩ ጭቃ ይጠጣል። የዚያን ጊዜ ገላልጠን በንጹሕ ውሃ እናጥበዋለን፤ ከበርሜል ውስጥ ከሰል አቀጣጥለን፣ ሞተሩን ከላይ አስቀምጠን፣ ሸራ አልብሰን እናደርቀዋለን። እሳቱ ከበዛ የሽቦው ቨርኒሽ ይላጣል፤ ካነሰ እርጥበቱ ውስጥ ለውስጥ ይቀርና ሲበራ ይቃጠላል። ሞተሩ እስኪደርቅልን ድረስ ከተማው ጀሪካኑን ይዞ ወደ ጉድጓድ ይሄዳል፤ ስድቡ ደግሞ ወደኛ ይመጣል።

ይህን ሁሉ ያስተማሩኝ ጋሽ ይርጋ ናቸው። በልጅነታቸው ድጓ ጀምረው፣ ዓይናቸው ታሞ የተዉ ሰው ናቸው። ጆሯቸው ግን የዜማ ጆሮ ሆኖ ቀረ። የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ያዳምጡና «ይህ ኩሽኔታ ከግእዝ ወጥቶ ዕዝል ገብቷል፤ መስቀልን አያደርሰንም» ይላሉ። አያደርሰንም ነበር። ሞተር መሞቁን ሲያዩ ሁልጊዜ በእጃቸው ጀርባ ነው የሚነኩ። በመጀመሪያው ሳምንት በመዳፌ ስነካ አይተው እጄን በፒንሳ መቱኝ። «መብራት ከያዘህ እጅህ ይጨበጣል። መዳፍህ ከሆነ ጨብጠኸው ትሞታለህ፤ ጀርባው ከሆነ ግን ራሱ ይሸሻል» አሉኝ። እስከ ዛሬ የምጣድ ሙቀት እንኳ በእጄ ጀርባ ነው የማየው፣ ባለቤቴ ትስቅብኛለች።

ትልቁ ልማዳቸው ግን የፊውዙ ነው። ወደ ታች ከመውረዳቸው በፊት መብራቱን ማጥፋት ብቻ አይበቃቸውም፤ ሸክላ ፊውዞቹን ነቅለው ኮታቸው ኪስ ውስጥ ይከታሉ። ከላይ የቀረ ሰው ተሳስቶም ሆነ ታዝዞ ሊያበራባቸው አይችልም። ማንኛችንም እጃችንን ወደ ሞተር ስንሰድድ «ፊውዙ የት ነው?» ብለው ይጠይቃሉ፤ «ኪሴ» ካላልን አያስነኩንም። አንድ ጊዜ ሞተር እያደረቅን ሳለ አንድ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ መጥቶ «አሁኑኑ አብሩት» አለ። ጋሽ ይርጋ አልተከራከሩም። ፊውዞቹን እንደያዙ ቅዳሴ ሄዱ። ኃላፊው ከሰል እየሸተተው ሰዓቱን እያየ ተቀመጠ፤ እሳቸው ጠበል ጠጥተው፣ ዘመድ ጠይቀው ተመለሱ። ሞተሩም በዚያው ደረቀ።

እሳቸው ጡረታ ከወጡ በኋላ የፓምፕ ቤቱ ኃላፊነት ለኔ ሆነ። ከጥቂት ክረምት በኋላ ኢንጂነር ሄኖክ ተመደበልን። ሰው አክባሪ፣ ጭቃ የማይጠየፍ ልጅ ነው፤ ከሁሉም አለቆቼ እሱን እወደዋለሁ። አዲሱን ፓምፕ ያስመጣልን እሱ ነው። ሞተሩ ሙሉ በሙሉ የታሸገ ነው፤ ገመዱ የሚገባበት በሙጫ ተደፍኗል፣ ዘንጉ ላይ ሁለት ማሸጊያ አለው፣ በመካከላቸው ዘይት። በደረቅ ክፍል ይሠራል፣ ክፍሉ ቢሞላም ይሠራል። እኔ አላመንሁም ነበር። በመጀመሪያው ነሐሴ ውሃው ገብቶ ሞተሩን ዋጠው፤ ከላይ የሚታየው ድፍርሱ ብቻ ነው፣ ከሥሩ ግን ሞተሩ ያጉረመርማል። ደረጃው ላይ ቆመን እንደ ሰርገኛ አጨበጨብን። ያን ሁሉ ክረምት ፓራንኮ የጎተተ ትከሻዬ ሲያርፍ ይታወቀኛል፣ ደስ አለኝ።

ጋሽ ይርጋ ወሬውን ሰምተው በምርኩዝ ሊያዩት መጡ። በእጃቸው ጀርባ ነኩት፤ ካቻቢቴ አስመጥተው አዳመጡት።

«ጥሩ ድምፅ አለው» አሉ። «ቤቱ በውሃ ሲሞላ ማን ያጠፋዋል?»

«ማጥፋት አያስፈልግም ጋሼ፤ ይችላል» አልኋቸው።

«አያስፈልግም?» አሉና ምርኩዛቸውን ወደ ውስጠኛው ግድግዳ ቀሰሩ። «እሱስ ይችላል?»

ግድግዳው ላይ የስልክ ቻርጀሮች ተሰክተው ነበር። ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም፤ ትንፋሽ እያጠራቸው ደረጃውን መውጣት ጀመሩ። በዚያው ዓመት ዐረፉ።

ስለ ቻርጀሮቹ መናገር አለብኝ። በሸለቆው ያሉ መንደሮች መብራት የላቸውም፤ መብራት ያለው ፓምፕ ቤቱ ብቻ ነው። ገበሬው ስልኩን ጠዋት ያመጣል፣ ማታ ይወስዳል። ኦፕሬተራችን ዓለምነው በአንድ ጣውላ ላይ ሶኬት ደርድሮ ግድግዳው ላይ መታላቸው። ገንዘብ አይቀበልም፤ እነሱም በእሸት ጊዜ እሸት፣ በበዓል ጊዜ ጠላ ያመጡለታል። ዓለምነው የሰው ስም ረስቶ ስልኩን ግን የሚያውቅ ሰው ነበር። «ባለ ጎማው መጣ፣ መስታወቷ የተሰነጠቀው አልመጣችም» ይላል። ከፓምፕ ቤቱ ውስጥ ያለው የመብራቱ መስመር ፊውዝ እየተቃጠለ ሲያስቸግረው በወፍራም ሽቦ ተካው። ሁላችንም እናውቃለን። ኢንጂነሩም፣ እኔም፣ ለቁጥጥር የሚመጡትም ስልካችንን ሰክተንበታል።

በፊት ይህ ሁሉ አይጎዳም ነበር፤ ጎርፍ ሲመጣ መብራቱ ከላይ ስለሚጠፋ የሶኬቱ ጣውላም አብሮ ይሞታል። አሁን ግን ከአዲሱ ሞተር ጋር የላይኞቹ ዋና ፊውዞች ቀርተው፣ ከዳገቱ አናት በብረት በር የተቆለፈ ብሬከር ገባ። አታጥፉ ብሎ ያዘዘ ሰው የለም። አንድ ጊዜ እንደ ልማዴ በጎርፍ ባጠፋ ሆስፒታሉ ለመሥሪያ ቤቱ ደወለ፣ መሥሪያ ቤቱ ለኔ ደወለ። «ሞተሩ ይችላል እያላችሁ ለምን ታጠፋላችሁ?» ማጥፋቱ በዚያው ቀረ።

ፍልሰታ ነበር። ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም። ተረኛው ዓለምነው ነው። እኔ የዕለቱን ጾም ልፈታ ከሥራ ወጥቼ ቤት ነበርሁ። የሆነውን በኋላ የነገሩኝ እማማ እንጉዳይ ናቸው። ከፓምፕ ቤቱ በላይ የሚኖሩ፣ አንድ ልጃቸው ጌትነት ለሰሊጥ አረም መተማ የወረደባቸው ባልቴት ናቸው። ልጁን ወባ ይዞት ነበር፤ ያን ቀን ከሰው ስልክ ተውሶ ሊደውልላቸው ቃል ገብቷል። ስልካቸው ደግሞ ከጣውላው ላይ ነው።

ውሃው በሩን አልፎ ከጉልበት በላይ ሲሆን ደረጃው ላይ ቆመው ጠሩት።

«ዓለምነው፣ ስልኬን ስጠኝ ልጀ። ጌትነት ይደውልልኛል።»

«ውሃው ገብቷል እማማ፤ ትንሽ ይታገሡ፣ ይጎድላል።»

«ዛሬ ካጣኝ ደግሞ ማን ያውሰዋል? በሕይወት መኖሩን እንኳ ልወቅ።»

ዓለምነው ጫማውን አወለቀ። «እንግዲያስ የሁሉንም ላውጣው» አለ። ገባ፤ ስልኮቹን አንድ በአንድ ነቅሎ በጋቢው ቋጠራቸው፤ ቋጠሮውን በራሱ ላይ አድርጎ ወጣና ለሳቸው አስያዘ። አንዱንም ውሃ አልነካውም። እማማ እንጉዳይ መረቁት። ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞሮ አየ። ውሃው እየጨመረ ወደ ጣውላው ተጠግቷል።

«ጣውላውን ልንቀለው፤ ውሃ ካገኘው መጥፎ ነው» አላቸው።

አደጋውን አውቆታል ማለት ነው። ደረጃውን ወጥቶ ብሬከሩን ማጥፋት ይችል ነበር፤ ቁልፉ ኪሱ ውስጥ ነው። ግን ካጠፋ ውሃ ይቆማል፣ ውሃ ከቆመ ስልክ ይደወላል። ተመልሶ ገባ። እጁ ከጣውላው ሲደርስ ውሃውም ደረሰ። አልጮኸም ይላሉ እማማ እንጉዳይ፤ «የተቀመጠ መሰለኝ» ነው የሚሉት።

ጩኸታቸውን የሰማው ሙሉቀን የሚባል ጎረቤት ነው። ዳገቱን ሮጦ ወጥቶ የብረቱን በር ቢገፋ ተቆልፏል። ተመልሶ ከቋጠሮው ውስጥ የራሱን ስልክ ፈልጎ ደወለልኝ። «ዓለምነውን መብራት ያዘው» አለኝ። «ማንም እንዳይገባ» አልሁት። ከቤት ስወጣ ባለቤቴ በርሜል እየሞላች ነበር። ቧንቧው በሙሉ ኃይሉ ይፈስሳል። ያንን ሳይ መሮጥ ጀመርሁ፤ ውሃው እየመጣ ከሆነ መብራቱ አልጠፋም ማለት ነው።

በሩን በራሴ ቁልፍ ከፍቼ ብሬከሩን አጠፋሁት። የሞተሩ ድምፅ ጸጥ ሲል ብቻ ወረድን። ከሙሉቀን ጋር ወገባችንን በገመድ ታስረን አወጣነው። ደረቱን እየተጫንሁ ብዙ ለፋሁ፤ ሰውነቱ ግን ቀዝቅዞ ነበር። ቁልፉን ከኪሱ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ጋሽ ይርጋ ፊውዙን ኪሳቸው ሲከቱ መብራት የሚባል ነገር ከታች አይኖርም ነበር። የዓለምነው ቁልፍ ኪሱ ገብቶ መብራቱን ቆለፈበት።

እማማ እንጉዳይ ቋጠሮውን ታቅፈው ደረጃው ላይ ተቀምጠዋል። ከቋጠሮው ውስጥ ስልክ ይጮሃል። ያቆማል፣ እንደገና ይጮሃል። የማን እንደሆነ ሁላችንም አውቀናል። አላነሱትም።

ያን ቀን ከተማው ውሃ ጠግቦ ዋለ። ይህን ነገር እስከ ዛሬ መዋጥ አልቻልሁም። እሱ ውሃው ውስጥ ሳለ ሞተሩ ለአፍታ እንኳ አላቋረጠም፤ ሆስፒታሉም፣ ሆቴሉም፣ የኔም ቤት በርሜሉን ሞላ። ኢንጂነር ሄኖክ ሲደርስ መጀመሪያ ያየው ሞተሩን ነው፤ ከዚያ ዓለምነውን። «ጋሽ ስማቸው፣ ሞተሩ ምንም አልሆነም እኮ» አለኝና ፊቱን ሸፍኖ አለቀሰ። የተናገረው ለማጽናናት እንዳልሆነ አውቃለሁ። ምን እንደሚል ጠፍቶት ነው።

ለቅሶው ላይ ቋጠሮውን ወስጄ ለዓለምነው ባለቤት ለባንቻምላክ ሰጠኋት። የስልኮቹ ባለቤቶች ሁሉ ድንኳኑ ውስጥ ነበሩ፤ ማንም የኔ ነው ብሎ እጁን የዘረጋ የለም። መሬት መሬት ያያሉ። እሷ ጋቢውን ፈታችና ተነሣች። «ለዚህ ነው የገባ። ውሰዱ» አለች። እየዞረች በየእጃቸው አስያዘቻቸው። ጋቢውን ግን ለማንም አልሰጠችም፣ አጥፋ ብብቷ ሥር አደረገችው። እማማ እንጉዳይ ጋ ስትደርስ እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ሸሸጉ። ብትለምናቸውም አልወሰዱም። ስልኩ ከኔ ዘንድ ቀረ።

አጣሪ ኮሚቴ መጣ። ያልተፈቀደ ሶኬት፣ በወፍራም ሽቦ የተተካ ፊውዝ፤ ጥፋቱ የሟቹ ነው ብሎ ጻፈ። ሁለቱም እውነት ነው፣ ግን ያንን ሽቦ ስናይ የኖርን ሁሉ የት ሄድን? ተናገርሁ። «ሐዘን ላይ ነዎት» ብለው በትሕትና አስቀመጡኝ። ከዚያ በኋላ ጣውላውን ነቀልን። ኢንጂነሩም ከኔ ጋር ቆሞ አንድ ደንብ አስወጣ፤ ውሃ የበሩን ደፍ ካለፈ ሞተሩ ቢችልም ባይችልም መብራቱ ከላይ ይጠፋል፣ ይቆለፋል፣ ቁልፉ በሚወርደው ሰው ኪስ ይሆናል። ከዚያ ወዲህ በከባድ ዝናብ ውሃ ይቆማል። ከተማው ያማርራል። «ጎርፍ የሚችል ሞተር አላችሁ ተብሎ የለም እንዴ?» ይሉናል። ይበሉ።

ጌትነት ከወባው ተርፏል። መተማ ሳለ የኔን ቁጥር ከሙሉቀን አግኝቶ ይደውልልኝ ነበር፤ እኔም ስወርድ ከናቱ ጋር አገናኘዋለሁ። ሥራ ልለቅ በተቃረብሁበት ሰሞን አንድ ቀን ደጃቸው ተቀምጠን ሳለ ደወለ። ድምፁ ጎልቶ ይሰማል።

«እናቴ፣ ስልክሽ ግን ምን ሆነ? ደውየ ደውየ ያጣሁሽ ጊዜ?»

እማማ እንጉዳይ ወደኔ አዩ። ስልካቸው ቤቴ መሳቢያ ውስጥ እንዳለ፣ ጠብታ እንዳልነካውም ያውቃሉ።

«ውሃ ወሰደው ልጀ» አሉት።

ልጁ በዚያ ዓመት ይህን ሁሉ ተሸክሞ አረም እንዲያርም አልፈለጉም። እስካሁንም የነገረው ያለ አይመስለኝም።

በእኔ እግር የተተካው ይበልጣል ይባላል። ጎበዝ ነው፤ ጆሮው እንኳ ኩሽኔታ ይለያል። ስንረካከብ ቁልፉን በመዳፉ አስጨብጬ «ይህ ከኪስህ ከተለየ ሥራህም ይለይህ» አልሁት። «ገብቶኛል ጋሼ» አለኝ።

ባለፈው ነሐሴ ከቀትር ጀምሮ የወረደው ዝናብ የጣሪያውን ቆርቆሮ ሊበሳው ደረሰ። ግቢ ወጥቼ ቧንቧውን ከፈትሁ። ውሃው መጣ። ዘጋሁት፣ ቆይቼ ደግሞ ከፈትሁት። ይፈስሳል። ስልኬን አንሥቼ ለይበልጣል ደወልሁለት። ሲያነሣ ከኋላው የወንዙ ጩኸት ይሰማል።

«ውሃው ደፉን አልፏል እንዴ?» አልሁት።

«ትንሽ አልፏል። ሆስፒታሉ ውሃ እንዳይቋረጥብን ስላለ ነው። አይዞዎት ጋሼ፣ ሞተሩ እኮ ይችላል።»

«ስለ ሞተሩ አልጠየቅሁህም። ቁልፉ የት ነው?»

ደግሜ ጠየቅሁት። ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች። ቧንቧውን አልዘጋሁትም ነበር፤ ውሃው እግሬ ሥር ይፈስሳል።